ከበርበሬው በፊት

ሰኔ ግም ሲል በሰፈራችን ሁለት ነገር አይቀርም፤ ዝናቡና የሻንጣ ሚዛኑ። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ እናቶችና አባቶች ክረምቱን የልጅ ልጆቻቸው ዘንድ ሊያሳልፉ ይነሳሉ። ሚዛኑ ከቤት ቤት ይዞራል። በርበሬው ከተቀነጠሰ፣ ከተደለዘና ከተፈጨ ሰንብቷል። ሽሮው፣ ሚጥሚጣው፣ በሶው፣ ኮረሪማው በየፌስታሉ ተቋጥሮ ይመዘናል፤ ትንሽ ሲበልጥ ይቀነሳል፣ እንደገና ይመዘናል። ለዚህ ሁሉ ወራት ይሰጠዋል። የእናትየው መድኃኒት ግን የሚታወሰው ዋዜማው ማታ ነው፤ «ክኒኗን ያዘች?» ተብሎ።

ዛሬ የምጽፈው በተለይ ወደ ላስ ቬጋስ ስለሚሄዱት ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች እዚያ ታክሲ እየነዱ፣ ሆቴል ውስጥ እየሠሩ፣ ንግድ ከፍተው ይኖራሉ፤ ወላጆቻቸውንም ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት የራሳቸው ልጆች ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የምትሄዱም አብዛኛው ይመለከታችኋል። የላስ ቬጋስን የተለየ የሚያደርገው ፀሐዩ ነው።

«ፀሐይ ለእኛ ምን ብርቅ ነው? የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያለን እኛ!» ይላሉ እናቶች። እውነት ነው፣ ግን የአዲስ አበባ ፀሐይ ሌላ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ብርቱ ቢሆንም አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥላ ውስጥ ገባ ካሉ ነጠላ ያስፈልጋል። ላስ ቬጋስ በረሃ መካከል፣ 600 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2024 48.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በከተማዋ ታሪክ ከፍተኛው ነው። እዚያ ጥላም አያድንም፤ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ላይ እንደሚነሳ ወላፈን ነው። ስለዚህ ከሰኔ ብርድ ልብስ ወጥቶ በአንድ ቀን ልዩነት እዚያ ሙቀት ውስጥ የሚገባ የሰባ ዓመት ሰው አካሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀትን መልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አሜሪካ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። ቴሌቪዥኑ 104 ሲል በእኛ 40 ማለት ነው፤ 113 ሲል 45። የሰውነት ሙቀት መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ 98.6 ቢል ጤናማ ነው፣ አይደንግጡ።

እንግዲህ ከበርበሬው በፊት የሚቀድመው ሐኪም ነው። ከጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ውሰዷቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ወላጆቻችን ብዙዎቹ የሚወስዱት ሽንት የሚያስወጣ ክኒን ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላዚክስ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ክኒኖች ውኃና ጨው ከሰውነት ያስወጣሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚስማማው መጠን 43 ዲግሪ ውስጥ ሲገቡ ሊበዛ፣ ግፊታቸውን ከልክ በታች ሊያወርደውና ከአልጋ ሲነሱ ሊጥላቸው ይችላል። የአረጋዊ ሰው መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ የዳሌ ስብራት ያስታመመ ቤተሰብ ያውቀዋል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ «የምንሄደው በጣም ሞቃት ቦታ ነው፣ ይህን ክኒን እንዴት እናድርገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ይህን ካልነገራችሁት ሊያውቅ አይችልም። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የነበረባቸው ከሆነም መብረር ይችሉ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

መድኃኒቱን ለሚቆዩበት ጊዜ ሙሉ፣ ከዚያ ላይ ለሁለት ሳምንት የሚሆን መጠባበቂያ ጨምራችሁ ግዙ። «ካለቀ እዚያ ይገዛሉ» የሚለው አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲ ሄዶ የግፊት ወይም የስኳር ክኒን ያለማዘዣ መግዛት አይቻልም፤ ማዘዣ ለማግኘት ሐኪም ፊት መቅረብ ያስፈልጋል፣ እሱም በገንዘብ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀን ከአንድ ፋርማሲ የማይገኝበት ጊዜ ስላለ ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። ክኒኑን ከነካርቶኑና ከነማዘዣው ያዙ፤ ከሳጥኑ አውጥቶ በትንሽ ፌስታል መቋጠር የእኛ ልማድ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ግን ስሙ የማይታወቅ ነጭ ክኒን ነው የሚሆነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ ይጻፍላቸው፤ ምን ሕመም እንዳለባቸው፣ የመድኃኒቱ ዋና ስምና መጠኑ። የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል፤ አምሎዲፒን ወይም ሜትፎርሚን ካለ ግን የትም አገር ያለ ሐኪም ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው። ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ፣ ሌላ ከተማ ሊያርፍ ይችላል። በተለይ ኢንሱሊን የአውሮፕላኑ ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ስለሚችል ከእጃቸው መለየት የለበትም። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አይያዝም የሚለው ደንብ መድኃኒትን አይነካም፤ ፍተሻው ላይ አውጥቶ ማሳየት ይበቃል። እዚያ ከደረሱ በኋላም ኢንሱሊኑን መኪና ውስጥ ትቶ ወደ ገበያ መግባት አይቻልም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ያልፋል።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። በክረምቱ ወራት ላስ ቬጋስ ከእኛ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ያ ቀን በ10 ሰዓት ይረዝማል። በቀን አንዴ ለሚዋጥ ክኒን ብዙ አያስቸግርም። ኢንሱሊን ለሚወጉ ግን «በመንገድ ላይ በስንት ሰዓት ምን ያህል» የሚለውን ሐኪሙ በወረቀት ላይ ይጻፍላቸው። አውሮፕላን ላይ ሦስት ጊዜ ምግብ ስለመጣ ሦስት ጊዜ መወጋት አደገኛ ነው።

አሁን ማንም ወደማይወደው ነገር ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና እጅግ ውድ ነው፤ ለጥቂት ቀን ሆስፒታል መተኛት አንድ ቤተሰብ ለዓመታት የሚከፍለው ዕዳ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ለአዛውንቶች የሚሰጠው ሜዲኬር ጎብኚን አይሸፍንም። ልጆቻችሁ ለእንግዳ የሚሸጠውን የሕክምና መድን ከመምጣታችሁ በፊት ይግዙ፤ ሲገዙም ዋጋውን ብቻ አይተው አይወስኑ። ብዙው መድን ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍንም፤ አንዳንዱ ነባሩ ሕመም በድንገት ሲብስ ብቻ ይሸፍናል፣ እሱም በዕድሜ ገደብ ነው። ግፊትና ስኳር ላለባቸው የ72 ዓመት እናት የሚያስፈልገው ይኸው መስመር ነው። ልጆቹ ኩባንያውን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምን ይመጣል» እያልን የምናልፈው ነገር ውስጥ ይህን አልጨምረውም። ለትኬት የወጣው ገንዘብ ይታየናል፣ ለመድን የሚወጣው ግን የባከነ ይመስለናል።

ይህም ሆኖ ድንገተኛ ሕመም ከመጣ መድን ባይኖርም ወደ ሆስፒታል ከመሄድ ማንም አይቆጠብ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው መክፈል ቢችልም ባይችልም መመርመርና ማረጋጋት አለባቸው። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ እሱን ልጆች ይነጋገሩበታል። አስተርጓሚም ይጠየቃል። በሆስፒታሎች በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት ይቻላል፣ ለታካሚው በነጻ ነው። የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ ሕመም አስተርጓሚ መሆን የለበትም።

በረራውን በተመለከተ እናቶች የሚፈሩት «አየር ያጥረኛል» ብለው ነው። የምሥራች አለኝ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። የአዲስ አበባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እዚያው ከፍታ ላይ ነው! ልዩነቱ አየሩ በጣም ደረቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ውኃ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት። ብዙ እናቶች ሽንት ቤት መመላለሱን ፈርተው ውኃ ይተዋሉ። መፍትሔው ትኬት ሲቆረጥ ከመተላለፊያው ጎን ያለውን ወንበር መጠየቅ ነው፤ የመስኮቱ ወንበር ለልጅ ይሁን።

መነሳት የሚጠቅመው ለሽንት ብቻ አይደለም። ለብዙ ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ በባት ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መመላለስ፣ በተቀመጡበትም ተረከዝን እያነሱ እየጣሉ ባትን ማሠራት ይገባል። ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ወይም በቅርቡ ዳሌና ጉልበታቸው የተሠራላቸው ካሉ፣ እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ካልሲ ወይም መድኃኒት ሐኪሙ ይንገራቸው። ከደረሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም «የመንገድ ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ተሽከርካሪ ወንበር የሚባለውን ነገር አስመልክቶ ከእናቶች ጋር የማላደርገው ክርክር የለም። «እኔ ሽባ ነኝ? ሰው ምን ይለኛል?» አንዲት የሰፈራችን እናት ደብረ ሊባኖስ ገዳም በእግራቸው ወርደው መውጣታቸውን እንደ ማስረጃ አቅርበውልኛል። ወንበሩ የእግር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገዱን ያውቃል፤ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን፣ በሻንጣ መረከቢያ፣ በጉምሩክ አሳልፎ እስከ ቀጣዩ በረራ በር ያደርሳል። እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው ከዚህ የተሻለ አጃቢ የለም። አገልግሎቱ ለተሳፋሪው ያለክፍያ ነው፤ ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቃል፣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ደግሞ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ረጅም መንገድ መሄድ የማይችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ እስከ መቀመጫው መደገፍ ያለበት እየተባለ በሦስት ስለሚመደብ የትኛው እንደሆኑ በትክክል ንገሩ።

ትኬቱን አብራችሁ አንብቡ። የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ቀንሱለት። 22:30 ማለት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከሁሉም የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ «ቅዳሜ 00:30» ካለ በእኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ጭኖ የሄደ ቤተሰብ በረራው ትናንት እንደሄደ ይነገረዋል። አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፤ 07/11 ብለው ከጻፉ ጁላይ 11 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 4።

ሌላው አሳሳች ነገር ስም ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ በእኛ አፍ «ዳላስ» ነው፤ ቴክሳስ ያለችው ከተማም «ዳላስ» ናት። ሁለቱ የሚራራቁት በሦስት ሰዓት በረራ ነው። ትኬቱ ላይ ያለውን የሦስት ፊደል መለያ ተመልከቱ፤ የዋሽንግተኑ አይ ኤ ዲ፣ የቴክሳሱ ዲ ኤፍ ደብሊው ነው፣ ላስ ቬጋስ ደግሞ ኤል ኤ ኤስ። በዋሽንግተን የሚያልፉ ከሆነ ሻንጣው ላይ ላስ ቬጋስ ተብሎ ቢለጠፍም መጀመሪያ አሜሪካ በገቡበት ከተማ ሻንጣቸውን ራሳቸው ተረክበው በጉምሩክ አሳልፈው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። ይህን ሳያውቁ ሻንጣቸውን ትተው የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው። በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር፤ ልጆች ርካሽ ብለው የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ያለው ትኬት እንዳይቆርጡ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ወደ በርበሬው መጣሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ደረቅ ቅመም፣ ጥሬም የተቆላም ቡና ይገባል፤ ግን መነገር አለበት። ምግብ ይዘው እንደሆነ ሲጠየቁ መልሱ «አዎ» ነው፣ ከዚያ ፈትሸው ያሳልፋሉ። ደብቆ መገኘት እስከ 10,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤት አይገባም። ቅቤና አይብ ከእንስሳት በሽታ ጥንቃቄ ጋር ስለሚያያዙ ባይሞከሩ ይሻላል። ትኩስ ፍራፍሬ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ጤና አዳም፣ ለጓሮ የሚዘራ ዘር ይቅር። ዱቄት ነገር በትልቁ ሻንጣ ይሁን፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለተጨማሪ ፍተሻ ያቆማል፣ ሊወሰድም ይችላል። ጠበሉም እንዲሁ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ጠርሙስ በእጅ አያልፍምና በደንብ ታሽጎ ከሻንጣው ጋር ይግባ። ለነገሩ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሐበሻ ሱቅም ምግብ ቤትም አለ፤ ልጆቹ እንጀራ አልራባቸውም። የእናት እጅ ያለበትን በርበሬ ግን ማን ይከለክላል? አምስት ኪሎ ይበቃል ነው የምለው፤ ሃያ አምስት ሳይሆን።

በአንድ ነገር ግን አልለሳለስም። «እግረ መንገድሽን ይህን ለእገሌ አድርሺልኝ» የሚባለውን የታሸገ ዕቃ። ይሉኝታ ይዟቸው እንቢ ማለት የሚያቅታቸው እናቶቻችን ናቸው። የደረቀ ጫት እንደ ሻይ ቅጠል ታሽጎ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ ከከባድ አደንዛዥ ዕፆች ተርታ የተመደበ ነው። ሻንጣው የማን ነው ሲባል መልሱ የእሳቸው ስም ነው። እንቢታውን ልጅ ይውሰደው፤ «ልጄ ከልክሎኛል» ብለው ይገላገሉ። መቀበል ግድ ከሆነ ሰጪው ፊት ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና በእናንተ እጅ ይታሸግ።

በእጅ ቦርሳቸው አንድ ወረቀት ይኑር፤ የሚያርፉበት ቤት አድራሻ፣ የሁለት ሰዎች ስልክ፣ «አማርኛ ነው የምናገረው፣ እባካችሁ ወደዚህ ቁጥር ደውሉልኝ» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም። ለኢሚግሬሽን ሠራተኛው የሚሰጡት መልስ አጭርና እውነት ይሁን፤ ማን ዘንድ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ መቼ እንደሚመለሱ። የእኛ የስም አጠራር እንደሚታወቀው ከፈረንጅ ይለያልና እናትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው አንድ ባለመሆኑ ቢጠየቁ አይደናገጡ። የልጅ ልጅ ይዘው የሚሄዱ አያቶች የወላጆች ፈቃድ ያለበትን፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠና የተተረጎመ ደብዳቤ ይያዙ። አንድ ሌላ ነገር፤ ቪዛው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን አሜሪካ ውስጥ መቆየት የሚቻልበትን ቀን አይወስንም። ያንን የሚወስነው ሲገቡ የሚሰጠው አይ 94 የተባለ መዝገብ ነው። ልጆቻቸው ከኢንተርኔት አውጥተው ቀኑን ይመልከቱላቸው።

ከደረሱ በኋላ ያለው ለልጆቹ ነው፤ እናንተ ልጆች ይህን ጋዜጣ ፎቶ አንሥተው ቢልኩላችሁ አንብቡት። ላስ ቬጋስ ሌት ተቀን የምትሠራ ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችሁ በፈረቃ ትሠራላችሁ። እናታችሁ ቀኑን ሙሉ ቤት ብቻቸውን ናቸው። እሳቸው ጠዋት ሦስት ጎረቤት ሰላም ሳይሉ ቡና የማያፈሉ ሰው ናቸው፤ እዚያ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ከደረሱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ፈቃድ ውሰዱ። የቤቱን ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሚያበሩ፣ ቁጥሩ ስንት ላይ መሆን እንዳለበት በእጃቸው አስነክታችሁ አሳዩአቸው። ብዙ እናቶች «የመብራት ሂሳብ በዛባቸው» ብለው ልጆቹ ሲወጡ ያጠፉታል፤ ወይም ብርዱን ጠልተው። በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዣው እንደ ምግብ ነውና ሂሳቡን እንዳይጨነቁበት ንገሯቸው፤ ለብርዱ ጋቢ አለ። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ የጥገና ሠራተኛ እስኪመጣ እዚያው አይጠብቁም፤ ጎረቤት ወይም ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ይወሰዳሉ። 911 እንዴት እንደሚደወልም፣ «አማርኛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉም ይለማመዱ።

ከቤት የሚወጡት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ ፀሐይዋም የምትወጣው ያኔ ነው። በሰኔ መጨረሻ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ «ገና ቀን ነው» እያሉ እራት የሚረሱ አሉ። ነጭ ጥጥ ቀሚስ፣ ነጠላና ጥቁር ጃንጥላ ከየትኛውም የፀሐይ ቅባት ይበልጣል። ከዕድሜ ጋር የጥም ስሜት ስለሚቀንስ ውኃ እስኪጠማቸው አይጠብቁ፤ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ላቡ ወዲያው ስለሚተን «አላላበኝም» ማለታቸውም ማስረጃ አይሆንም። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ኖሮባቸው የውኃ መጠን የተወሰነላቸው ካሉ ግን የሐኪማቸውን ቃል ይያዙ። ድንገት ከተዘባረቁ፣ ሰውነታቸው ከጋለ፣ ከተዝለፈለፉ 911 ደውሉ፤ እስኪመጡ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ብብትና አንገታቸው ላይ አድርጉ።

እግራቸውን አደራ። በሐምሌ ቀትር የላስ ቬጋስ አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ባዶ እግርን በሰኮንዶች ያቃጥላል። እኛ ደግሞ ጫማ አውልቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምንገባ ሰዎች ነን። ከስኳር ሕመም የተነሣ እግራቸው የደነዘዘ እናት ጫማ ፍለጋ ሁለት እርምጃ ሲሄዱ መቃጠላቸውን ላያውቁት ይችላሉ፤ ቁስሉ የሚታየው ማታ እግር ሲታጠቡ ነው። ጫማቸውን እዚያው በር ላይ ሰው ያቀብላቸው፣ ማታ ማታም የእግራቸው መዳፍ ይታይ።

ጾምም አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በፈረንጁ ኦገስት 7፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋልን የለመዱ እናቶች ለልጅ ምክር አይበገሩም፤ ለንስሐ አባታቸው ግን ይታዘዛሉ። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ ሕመማቸውንና የሚሄዱበትን ቦታ ሙቀት ይንገሯቸው። ከሰባት ባሕር ማዶ በስልክ ከሚደረግ ክርክር ይህ ይቀላል።

እዚህ ለምንቀረውም ሰዓት ተነጋግሮ መለየት ይበጃል። እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እሳቸው ቁርሳቸውን በልተው ክኒናቸውን ሲውጡ፣ እኛ ከሥራ ገብተን እጃችንን ስንታጠብ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት በየቀኑ ይደወል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ስለ ክኒኑና ስለ ውኃው ይሁን፣ በርበሬው ስለ መድረሱ ከዚያ በኋላ ይነሣል።